የጉጉት የቀን እንቅልፍ

ሰፈሩ ሁሉ ጎረቤቴን ጉጉት ነበር የሚለው። ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር አድሮ፣ ሌላው ሰው ፊቱን ታጥቦ ወደ ሥራ ሲወጣ እሱ ዱቄቱን ከፀጉሩ እያራገፈ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰላምታው እንኳን ከኛ ጋር አይገጥምም፤ እኛ «እንደምን አደርክ» ስንለው እሱ «ደህና እደሩ» ብሎን በሩን ይዘጋል። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ እንስቅ ነበር።

የኔና የሱ ክፍል የሚለያየው በቀጭን ጣውላ ነው። እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» እለዋለሁ፤ እኔ ከሚስቴ ጋር ስጨቃጨቅ እሱ ጣውላውን ያንኳኳል። የሱን ስልክ ከሱ እኩል ሰምቻለሁ ብል አልዋሸሁም።

ስልኩ የሚቀመጠው ከአልጋው ራስጌ፣ በርጩማ ላይ ነው። ሰውየው ገና ጎኑን ከማሳረፉ ይጮኻል።

«ማሙሽ፣ በላህ?»

«በላሁ፣ እታለም።»

«ጎሽ!»

ትዘጋለች። ይህን ሽበት የወረረው ወንደላጤ ማሙሽ የምትለው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ራሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ትምህርቷን ትታ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። ያኔ ትልቁ ጭንቀቷ የሱ መብላትና አለመብላት ነበር። በስተርጅና የመርሳት በሽታ ይዟት ሌላው ሁሉ ከጭንቅላቷ ሲጠፋ ያ ጭንቀት ብቻ ቀረ።

የምትኖረው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ከሆነች ልጇ ጋር ነው። ልጅቱ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ ቀን ቀን ጎረቤት ብቅ እያለች ታያታለች። እታለም ቁጥር መምታት ሲያቅታት ልጇ የእናቷ ስልክ ላይ የአጎቷን የልጅነት ፎቶ አወጣችላት። ፎቶውን ነካ ሲያደርጉት እሱ ጋ ይደወላል። እታለም ይህችን አልረሳችም። «ጎሽ» ብላ በዘጋች በአፍታ መልሱ ይጠፋትና ፎቶውን መልሳ ትነካለች። እንዲህ ሲሆን ይውላል። እኔ ብሆን ስልኩን ከግድግዳ ጋር አላትመው ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳን «አሁን ነገርኩሽ እኮ» ሲላት አልሰማሁም።

በዕረፍት ቀኑ ሊያያት ይሄዳል። ነገር ግን የሷ ማሙሽ የፎቶው ልጅ ነው፤ ፊቷ የተቀመጠውን ሽበታም ሰውዬ አታውቀውም። «ለእንግዳው ወንበር ስጪው» ትላለች ለልጇ። አንድ ጊዜ እፊቷ ተቀምጦ ሳለ ፎቶውን ነካችውና የሱ ኪስ ጮኸ። ተነሥቶ ወጣ፣ ከበሩ ኋላ ቆሞ «በላሁ፣ እታለም» አላት። ተመልሶ ሲገባ «ወንድሜ ነው፤ በልቷል» ብላ ለእንግዳው አበሠረችው። ይህን እየሳቀ ነበር የነገረኝ።

ሰው ያለ እንቅልፍ እስከ መቼ ይቆማል? ዓይኑ ደም ለበሰ። አንድ ሌሊት የሊጥ ማቡኪያው ማሽን እጅጌውን ያዘው፤ የሥራ ባልደረባው ሮጦ ባያጠፋለት ክንዱ ከሊጡ ጋር ይቦካ ነበር። የዳቦ ቤቱ ባለቤት «ወይ ተኝተህ ና፣ ወይ አትምጣ» አለው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የዚያን ማሽን ጉልበት ያየ ሰው ሌላ የሚለው የለውም።

ይህን ስንሰማ ግቢው በሙሉ የእንቅልፍ ሐኪም ሆነ። ሚስቴ ስልኩን ትራስህ ሥር ክተተው አለችው፤ እዚያ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ጭንቅላቱን እንደ ወንፊት ነቀነቀው። እኔ በበኩሌ ድስት ውስጥ ከተህ ክደነው አልኩት፤ ድስቱ ከነክዳኑ ሲንጫጫ ጎረቤቱ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ «ድምፁን አጥፍተህ ሌላ ክፍል አስቀምጠው» አለችው። ሌላ ክፍል! ሰውየው ያለችው አንዲት ክፍል ናት።

ድምፁን ግን አንድ ቀን አጠፋው። እሱ ደውላ ይሆን እያለ ስክሪኑን ሲያይ ዋለ እንጂ አልተኛም። እሷ ደግሞ የሚያነሣላት ስታጣ «ልጄ ጠፋ!» እያለች በባዶ እግሯ መንገድ ላይ ወጣች፤ ጎረቤቶች ናቸው ደግፈው የመለሷት። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ማጥፋት የሚባል ነገር አልተነሣም።

መላውን ያመጡት እትዬ ሃሎ ናቸው። እትዬ ሃሎ የግቢያችን ጡረተኛ፣ ዕድሜያቸውን የስልክ ማዞሪያ ቤት ሰው ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ዛሬም እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ነው፣ አንድ መጨማደድ የለበትም።

«ስትተኛ ስልኩ እኔ ጋ ይዋል» አሉት። «ስትነሣ ትወስደዋለህ።»

«ምን ብለው ይመልሱላታል፣ እትዬ?»

«ምን እላለሁ፣ ለሰው እንደሚባለው ነዋ! ይሄ እኮ ሥራዬ ነው። ስንቱን አነጋግሬያለሁ!»

ሰጣቸው። ያን ቀን ከጣውላው ወዲያ ማንኮራፋት ሰማሁ። በጎረቤት ማንኮራፋት የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያም በየቀኑ ተኛ። ፊቱ ደም ገባበት፣ እጁ ረጋ፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤትም ማሽኑን እንደ ቀድሞው ለቀቀለት። ከእንቅልፉ ሲነሣ ራሱ ይደውልላታል፤ «በላሁ» ይላታል፤ «ጎሽ» ትለዋለች። ሁላችንም ለእትዬ ሃሎ ምርቃት አዘነብን።

እሳቸውም ሥራቸውን የተመለሱ ያህል ኮሩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ሲጮኽ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጠየቋቸው ሰው ለጊዜው ሊያነጋግሩዎት አይችሉም። እባክዎ ቆይተው ይደውሉ። አመሰግናለሁ።»

ይዘጋሉ። እንደገና ሲጮኽ እንደገና ያንኑ፣ ቃል ሳይጨምሩ ቃል ሳይቀንሱ። አጠገባቸው ተቀምጠን እየሰማን ማናችንንም አልቆረቆረንም። እንዲያውም ጨዋነታቸው ደስ ይለን ነበር።

እታለም ግን የደወለችው ለልጅ ነው። ያ በልቶ ይሁን አይሁን የምትጨነቅለት ልጅ አንዲት የመሥሪያ ቤት ድምፅ ያላት ሴት እጅ ገብቶ «ሊያነጋግሩዎት አይችሉም» ይባላል። እንዲህ ያለ የተስተካከለ ድምፅ ድሃ ቤት የሚደውለው ለምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም፤ ወይ ለእስር ነው፣ ወይ ለሬሳ። ማታ ማታ ለልጇ «ማሙሽን ይዘውታል፤ ሴትዮዋ አልሰጥም አለችኝ» ትላታለች። ልጅቱም «ተኝቶ ነው፣ እማዬ፤ አሁን ይደውላል» ብላ ታባብላታለች። ሲደውል ትረጋጋለች። ግን ንግግሩ ይረሳታል እንጂ ፍርሃቱ አይረሳትም ነበር፤ እሱ ሲጠራቀም ከረመ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ጎረቤቷ ገበያ በሄደችበት፣ እታለም ዳቦና የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ቋጥራ ወጣች። ለታሰረ ሰው ምግብ ይወሰድለታልና። ትልቁ መንገድ ድረስ ማንም አላስቆማትም። እዚያ የጭነት መኪና መታት።

መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ሮጦ ደረሰ። ስልኳ አጠገቧ ወድቋል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የአንድ ልጅ ፎቶ ብቻ ነው። ነካው።

«ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጠየቋቸው ሰው ለጊዜው…»

«እናቴ፣ የስልኩን ባለቤት መኪና ገጭቷታል! ሆስፒታል እየወሰድናት ነው፣ ቶሎ ድረሱ!»

እትዬ ሃሎ ክው አሉ። ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ፤ የጉጉትን በር በሁለት እጃቸው ይደበድቡት ጀመር። ጉጉት ከከባድ እንቅልፍ እየተደናበረ ወጣና፣

«ምነው? እታለም ደወለች?» አለ።

አብሬው ሄድኩ። የእህቱ ልጅ ከነሥራ ልብሷ ቀድማን ደርሳለች። እታለም ጭንቅላቷ ታስሮ፣ ዓይኗ ተከፍቶ ተኝታለች፤ ያንን ቋጠሮ ግን ከጨበጠችበት ሊያስለቅቋት አልቻሉም። ጎንበስ አለባት።

«እታለም፣ እኔ ነኝ። ማሙሽ ነኝ።»

ትክ ብላ አየችው። «አባቴ፣ እርስዎ ወንድሜን አይተውታል? ትንሽ ልጅ ነው። ምሳውን ይዤለት ነበር፤ አላገናኝም አሉኝ።»

እንባው ዝም ብሎ ወረደ። ከዚያ ቀና አለና ኪሶቹን ይዳስስ ጀመር። ምን እንደፈለገ ገባኝ። ስልኩን ከወደቀበት አንሥቼ ይዤው ስለነበር ሰጠሁት። ኮሪደሩ ላይ ወጣ። የእታለም ስልክ ጮኸ፤ ልጇ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት።

«እታለም…»

«ማሙሽ! የት ነበርክ? በላህ?»

ኮሪደሩ ላይ ግንባሩን ከግድግዳው አስደግፎ፣ «በላሁ፣ እታለም። ጠግቤያለሁ» አላት።

«ጎሽ» አለች። ጣቶቿ ቋጠሮውን ለቀቁ። ሳይመሽ አረፈች።

እትዬ ሃሎን አንድ ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የገዛ ስልካቸው እንኳን ሲጮኽ አያነሡም፣ እኛም በዚያ ስም መጥራቱን ተውን። እሱ ስልኩን እራስጌው መልሶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የሚደውልለት ግን የለም። ቀኑን ሙሉ ከጣውላው ወዲያ አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ። ዓይኑ ተመልሶ ደም ሲለብስ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከማሽኑ አንሥቶ ዳቦ ደርዳሪ አደረገው።

ትናንት ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። ገና ከመጮኹ ተነሣ፤ ከዚያ እንቅልፍ ያሰረው ድምፅ ሰማሁ።

«በላሁ፣ እታለም። በላሁ።»

የደወለችው የእታለም ልጅ ናት። የእናቷን ልብስ ስትሰበስብ ስልኩን ከኪስ አግኝታ፣ ቻርጅ አድርጋ ስትከፍተው ጣቷ ፎቶውን ነክቶት ነው። «አጎቴ፣ እኔ ነኝ» ልትለው አፏን ከፍታ እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። አልቻለችም። «ጎሽ» አለችውና ዘጋች።

ከጣውላው ወዲያ አልጋው አንድ ጊዜ ተንቋቋ። ጥቂት ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመረ። ሲነቃ የሚያስታውሰውን ስለማውቅ፣ ሬዲዮኔን አጠፋሁና ሚስቴን ቀስ ብለሽ ተናገሪ አልኳት።