አንዱ ይልቀቅ

ወንድሜን ሰፈርተኛው «ቁልፌ» ይለዋል። ቁልፍ ሠሪ ሆኖ አይደለም፤ እንኳን ቁልፍ ሊሠራ የገዛ በሩን የሚከፍተው በትከሻው ነው። ስሙ የወጣለት ከመሥሪያ ቤቱ ነው። የረጅም መንገድ አውቶቡሶች ትኬት ቢሮ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ የወንበሮቹ ሽያጭ ሁሉ የሚመዘገብበትን ዳታቤዝ ይጠብቃል።

እሱ ከመቀጠሩ በፊት ቢሮው ጉድ ይታይበት ነበር። ሁለት ትኬት ቆራጮች በሁለት መስኮት፣ በአንድ ቅጽበት፣ አንዱን ወንበር ይከፍታሉ። ሁለቱም «ባዶ» የሚል ያያሉ፤ ሁለቱም ይሸጣሉ። ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬና ከእሱ የማታንስ አንዲት ሴትዮ «ወንበሩ የኔ ነው» እየተባባሉ ትኬት ይማዘዛሉ። ወንድሜ መጣና ቁልፍ አበጀለት። አንዷ ቆራጭ ወንበሩን ከነካች፣ እስክትጨርስ ሌላዋ ትጠብቃለች። ሽያጩም ወይ ሙሉ በሙሉ ይጸናል፣ ወይ ከነጭራሹ እንዳልተጀመረ ይሆናል። ግማሽ ሽያጭ የሚባል ነገር የለም።

ችግሩ ይህን አመል ይዞ ቤቱ መግባቱ ነው። ሻይ አፍልቶ ስኳር ሲያጣ፣ ውሃውን ወደ ጀሪካኑ መልሶ ቅጠሉን ለማድረቅ ሲያሰጣ ሚስቱ ደርሳበታለች። አንድ ጧት ደግሞ ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ ውሃ ሄደበት። «ይሄን እንኳን ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም» ብሎ ተክዞ፣ በግማሽ ፊቱ ሥራ ገባ። በግራ በኩል የሚቀመጡት ባልደረቦቹ ጢም ማሳደጉን አደነቁለት።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። የኛ እናት ግን እሱንና ታላቅ እህታችንን ከአንድ ጣቃ ቆርጣ የሰፋቻቸው ይመስለኛል፤ ግትርነታቸው አንድ ነው። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሦስታችንንም ያሳደገችን በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ነው። ዓይኗን ሞራ ሲጋርደው ስፌቱን ትታ እኔ ዘንድ ገባች፤ እኔ ቤት ደግሞ ያን ጊዜ ለመኪናው ቦታ አልነበረም። ሁለቱም «የእማዬ ማስታወሻ ነው፣ እኔ ልውሰደው» አሉ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ወንድሜ የመኪናውን ጭንቅላት ፈትቶ ወሰደ፤ እህቴ እግሩን ከነመርገጫው አስጫነች። እሱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ እንደ ዋንጫ ሰየመው፤ እሷ የአበባ ማሰሮ ደረደረችበት። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ቀሩ።

ዘንድሮ እማዬ ዓይኗን ታከመች። ፋሻው ሲነሳላት መጀመሪያ ያየችው የቀሚሴን ጠርዝ ነው። «ይህን ማን ነው የሰፋልሽ? ጠላትሽ ነው?» አለችኝ። ቀጥላም «መኪናዬን አምጡልኝ» አለች። ቦታ ካጣሁ አልጋዬን እሸጣለሁ ብዬ ስልኬን አነሳሁ።

ወንድሜ «መጀመሪያ እግሩ ይምጣ እንጂ! ጭንቅላቱን መሬት ላይ ልጎልተው?» አለኝ። እህቴ ደግሞ «ጭንቅላቱ ሳይመጣ እግሩ ምን ያደርግላታል? ልትሮጥበት ነው?» አለችኝ። በልባቸው ያለው ግን ሌላ ነው፤ ቀድሞ የሰጠ ሰው፣ ሌላው ሙሉውን ጠቅልሎ የሚያስቀርበት ይመስላቸዋል። እማዬ ብትለምን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በእጅ መርፌ የትራስ ልብስ ትጠቅማለች፤ በየመካከሉ እግሯ ሳታስበው ወለሉን ይረግጣል። ያን ሳይ ሆዴ ይባባል፤ ሁለቱንም በጥፊ ማጠናገር ያምረኛል።

አንድ እሁድ ወንድሜ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ። እንደ ልማዱ የቢሮውን ወሬ ጀመረላት።

«ባለፈው ሳምንት ሲስተሙ ተቆላለፈብን እማዬ። አንዷ ቆራጭ ለባልና ሚስት ብላ የመስኮቱን ወንበር ይዛ የአጠገቡን ትጠብቃለች። ሌላዋ ደግሞ የአጠገቡን ይዛ የመስኮቱን ትጠብቃለች። ሁለቱም የያዙትን አይለቁም። ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ወጣ!»

ሳቄ እንዳያመልጠኝ ብርቱካን ጎረስኩ።

«እስከ መቼ ይጠባበቃሉ?» አለች እማዬ መርፌዋን አቁማ።

«ማሽኑ ራሱ ካልገባበት እስከ ዘላለም።»

«ገብቶ ምን ያደርጋል?»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዲሉ፣ ወንድሜ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ማስረዳት ያዘ። «አንዱን መርጦ ያስለቅቀዋል። ሌላው ሥራውን ይጨርሳል። የለቀቀውም አይጠፋም፤ እንደገና ይጀምራል።»

«የትኛውን ነው የሚያስለቅቀው?»

«የኛው ማሽን ትንሽ የሠራውን ይመርጣል። እሱ ቢለቅ የሚባክነው ድካም ትንሽ ነዋ!»

እማዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ዓይኔን ስታከም ሆስፒታል አብራኝ ያደረችው ማን ናት?»

ወንድሜ ብርቱካኑን አየ። «እትዬ።»

«እቺ» ብላ በአገጯ እኔን አመለከተች፤ «ሥራ ስትውል እየመጣች ጠብታ የምታደርግልኝስ?»

«እትዬ።»

«አንተስ?»

«እኔ... እደውል ነበር።»

«ታዲያ የኔ ልጅ፣ ማንን ላስለቅቅ?»

አልተቆጣችም፤ የባሰውም አለመቆጣቷ ነው። የወንድሜ ጆሮ ቀላ። ተነስቶ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ። አዘንኩ፤ አሁንስ ጨርሶ ተቀየመ ብዬ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እህቴ ደወለች። «ቁልፌ ደጃፌ ላይ ቆሟል። የመኪናውን ጭንቅላት ታቅፎ 'እንቺ፣ ሙሉውን አንቺ ውሰጂላት' ይለኛል። ምን አድርጋችሁት ነው?» ቁጣ ልታስመስለው ሞከረች እንጂ አልሆነላትም።

ተያይዘው መጡ። የመኪናውን እግር ደረጃ ለደረጃ ሲያወጡት «ወደ ግራ!» «የማን ግራ?» እየተባባሉ ሕንጻውን አናወጡት። መኪናው ተገጥሞ ዘይት ሲጠጣ እህቴ እማዬ አጠገብ ተቀመጠች፤ ወንድሜ ግን በሩ ላይ ቀረ።

«እንግዲህ ተሸነፍኩ» አለ፣ ሊቀልድ እየሞከረ።

«ማን አሸነፈህ? ልቀቅ ነው ያልኩህ» አለች እማዬ። «በል ና፣ እንደገና ጀምር። ክሩን አቀብለኝ።»

እህቴ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።