ምች ነው ያልኩት ፊት

ታላቅ እህቴ ጌዶ ውስጥ የታወቀች የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት። የልጇ ሰርግ ሲቃረብ የከብት ገበያው ሁሉ ተሰብስቦ የእሷን ፊት ሊገመግም ነው የመሰላት። «ቪዲዮው ለልጅ ልጅ ይቀራል» እያለች ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ወደ አፏ የሚወርዱትን ሁለት መስመሮች መስታወት ላይ ስታይ ትውላለች።

እኔ አምቦ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከመርፌዬ ይልቅ የሚፈራው ምላሴ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከንፈሯን አስሞልታ የመጣች ቀን «ማር ስትቆርጥ ውላ ነው» ብዬ ግቢውን በሙሉ አስቄባታለሁ። ለእህቴም በስልክ ነገርኳትና አብራኝ ሳቀች።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዕቃ ልትገዛ አዲስ አበባ ሄደች። ስትመለስ አምቦ እኔ ቤት ወረደች፤ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች።

«ማል ታቴ፣ እትዬ? ምን ሆነሽ ነው?»

«አዲስ ዓለም ላይ ሚኒባሱ ተበላሽቶ ፀሐይ ላይ ቆየን» አለችኝ።

ነጠላውን ገለጥኩት። በቀኝ አፍንጫዋ ጥግ ቆዳዋ ቀልቷል፤ ላዩ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ተደርድረዋል። ፀሐይ አለ፣ ላብ አለ፣ የቆሰለ ፊት አለ። «ምች ነው» አልኩ፣ ቦርድ ላይ እንደተቀመጠ ፕሮፌሰር። ዲፕሎማዬን ግድግዳ ላይ እንደሰቀልኩ ከጓሮ ዳማከሴ በጥሼ፣ በመዳፌ አሽቼ ጭማቂውን ቀባኋት፤ ፀሐይ እንዳይነካት መስኮቱን ዘጋሁ። እየቀባሁም «ሙሽራዋ አንቺ ነሽ ወይስ ምራትሽ?» እያልኩ እቀልድባታለሁ። አልሳቀችም። በጣም ያማት ነበር፤ ምች እንዲህ እንደማያም አውቃለሁ፣ ግን ቀልዴ ጥሞኝ ስለነበር አላሰብኩበትም።

በማግስቱ ቦታው ወደ ጥቁር አደላ። ያኔ ደነገጥኩ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሐኪም እኔ ቤት ድረስ መጣችልኝ። የእህቴን ፊት በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ቀለሙ ቶሎ አልተመለሰም።

«እዚህ ቦታ ደም እየደረሰ አይደለም» አለች። «መርፌ ተወግተዋል?»

እህቴ ያየችው ሐኪሟን ሳይሆን እኔን ነበር።

«መስመሩን ለማስሞላት ተወግቻለሁ» አለች። «ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው።»

የሚኒባሱ ነገር እውነት ነበር፤ መርፌውን ግን ፀሐይ ላይ ከመቆሟ ከሁለት ቀን በፊት አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ተወግታለች። ያንኑ ዕለት ይዣት አዲስ አበባ ገባሁ። እዚያ የተቀበለን የቆዳ ሐኪም ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። የሚወጋው ዝልግልግ ነገር ከቆዳ ሥር ሲቀመጥ ውሃ እየሳበ ቦታውን ይሞላል፤ ሰውነትም ቀስ እያለ ያፈርሰዋል። የእህቴ ግን ደም ሥር ውስጥ ገብቶ መንገዱን ዘግቷል፤ ከዚያ ደም ሥር ደም የሚጠብቀው ሥጋ ደም ሳይደርሰው መሞት ጀምሯል። የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ሲሰጥ ነው ደህና የሚሠራው። ያን ቶሎ የተባለውን ጊዜ እኔ በዳማከሴ ጨርሼዋለሁ።

መድኃኒቱን ወጋት። አፍንጫዋ እንደሚተርፍ፣ ጠባሳ ግን እንደሚቀር ነገረን። ከዚያ ካርዷን እየጻፈ ቀና አለና «ይሄ መውጣት ሲጀምር ያየው የጤና ባለሙያ አልነበረም?» አለ።

«ማንም አላየውም» አለች እህቴ፣ ሳታመነታ። «ቤት ተኝቼ ነበር።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ ምኗ ነዎት?»

«እህቷ» አልኩት። ነርስ ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።