በር ዘግቶ መጫወት

ቤት ለቤት እየዞርኩ እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያጫውቱ የማሳየት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሲስተር ሰላም አንድ ዘንቢል ሰጠችኝ። ውስጡ ጠጠር የገባበት ሃይላንድ፣ የጨርቅ ኳስና አሮጌ ሻሽ ነበር።

«መሬት ትቀመጫለሽ። ልጁ የሚያየውን ታያለሽ። ዕቃውን ለእናትየው ትሰጫለሽ እንጂ አንቺ አትጫወቺም» አለችኝ።

«አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት ለዚህ ነው?» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሰፈር ውስጥ «የዘንቢሏ ልጅ» ይሉኛል።

ከምሄድባቸው እናቶች አንዷ ፈቲያ፣ ኤረር በር ገበያ ጫት ትሸጣለች። ልጇ ሙአዝ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አይናገርም፣ ሲጠሩት አይዞርም። ጤና ጣቢያ ጆሮው ደህና ነው ብለዋል። ማዳበሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል።

«ታጫውቺዋለሽ?» አልኳት።

«የፊተኛውን አጫውቼ አየሁት» አለች። «ደጅ ላይ አሳቅሁት፣ ጎረቤት ሁሉ ጥርሱን አየ። በሳምንቱ ቀበርኩት። ዓይን ነው የበላው፣ ወላሂ። ይሄኛው ዝም ይበል፣ ብቻ ይኑርልኝ።»

ሻሹን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ «ኩኩሉ» አልኩና ገለጥኩት። ሙአዝ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ዘንቢሉን ከበር ሲያይ ይንደረደር ጀመር።

«አንቺው አጫውቺው» ትለኛለች ፈቲያ። «የሰው ዓይንም አንቺ ላይ ይረፍ።» ትቀልድ አትቀልድ አላውቅም።

ለሲስተር ሰላም በኩራት ነገርኳት።

«ከአንቺ ጋር መሳቁ ምን ይረባዋል? ከሚቀጥለው ወር ድሬ ጠያራ ወረዳ ተመድበሻል» አለች። እውነቷን ስለሆነ የበለጠ አናደደችኝ።

የመጨረሻው ቀን የፈቲያን በር ዘጋሁ፣ መስኮቱን ጋረድኩ። «አሁን ማን ያይሻል?» ብዬ ሻሹን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

የተጋረደውን መስኮት አይታ በሻሹ ፊቷን ሸፈነች። ሙአዝ ተጠግቶ ጎተተው። ስታለቅስ አገኛት። አልሳቀም፤ ጉንጯን በእጁ ነካካ። እኔን ዞሮም አላየኝ። ሻሹን ትቼላቸው ወጣሁ።

ከወራት በኋላ ኤረር በር አየኋቸው። ሙአዝ ዛሬም አይናገርም። የእናቱን ሻሽ ጫፍ ይዞ ወደ ዓይኗ ሳበው። ፈቲያ ግራ ቀኝ አይታ ቶሎ መለሰችው።

«ቤት» አለችው ቀስ ብላ። «ቤት ስንገባ።»

ጫቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ጠበቀ።

ልጅ ከእኔ ጋር ቢስቅ፣ ዘንቢሌን አንስቼ ስወጣ ያልቃል። አብራው የምታድረው እናቱ ናት።