አየር ላንዱ፣ ቢራው ለሌላው

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአየርላንድ ቢራ ያመጣው ወዳጄ ነው። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ግሮሰሪ ነበረው። ለአንድ ጋዜጣ የአካባቢው ዘጋቢ ሆኜ ስመደብ በከተማዋ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። በመጀመሪያው ዓመት ወባ ሲጥለኝ ከተከራየሁበት ክፍል አንስቶ ቤቱ ያስተኛኝ፣ ሚስቱ የሠራችውን አጥሚት በእጁ ያጠጣኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንድም አለህ ወይ ብባል የማስበው እሱን ነበር። ይህን የማስቀድመው ቀጥሎ የምለው ነገር የቢራ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ነው።

ቢራው የገባ ሰሞን ግሮሰሪው ሞላ። ለወሬው ሲል ከማንኩሳና ከጅጋ ሳይቀር የመጣ ሰው ነበር። ነገር ግን በአንዱ የአየርላንድ ቢራ ዋጋ ሦስት የአገር ቤት ቢራ ይጠጣል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ጠርሙሱን አገላብጦ ያይና የለመደውን ያዛል። በመጨረሻ የሚጠጡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ሆኑ፤ መንገድ ላይ ያሉ እንግዶችና እኛ ቤተኞቹ።

ቤተኛ መሆን በዚያ ቤት ትርጉም ነበረው። በደንቡ ቢራ የሚከፈተው በጠጪው ፊት ነው። አስተናጋጁ ጠርሙሱን ያሳያል፣ ቅዝቃዜውን በእጅ ያስነካል፣ ቆርኪውን እዚያው ያነሳል። ለእኛ ግን ወዳጄ ከባንኮኒው ጀርባ ከፍቶ ይዞልን ይመጣል። «ለእናንተ ደግሞ ምን ማሳየት ያስፈልጋል!» ይላል። ይህ ያኮራን ነበር። «በፊቴ ክፈትልኝ» ማለት «አላምንህም» ማለት ስለሆነ ከቤተኛ አፍ አይወጣም።

ጠረጴዛችን ላይ የምንቀመጠው እኔ፣ አንድ የታሪክ መምህርና «የኔታ» የምንላቸው ሽማግሌ ነበርን። የኔታ በልጅነታቸው ቅኔ ተምረው፣ ኋላ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። የአየርላንዱ ቢራ መጀመሪያ የቀረበልን ቀን መምህሩ ከትምህርት ቤት ግምገማ መምጣቱ ነበር።

«እስቲ ይገምገም!» አለና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። አንድ ጊዜ ተጎነጨ። «ሂስ አለኝ። ነፍስ የለውም። አረፋው የታለ?»

«ከየት አገር እንደመጣ አታውቅም? መንገድ ደክሞት ነው» አልኩት።

«እንግዲያስ አልጋ ይያዝለት፤ እዚህ ምን ይሠራል?»

ወዳጄ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይስቃል። መምህሩ አልለቀቀኝም። «ከእኛው የሚለይበትን አንድ ነገር ንገረኝ።»

«ስክነቱ።»

«ለስክነት ነው የሦስት ቢራ ዋጋ? ስክነት ከፈለግህ የጉድጓድ ውሃ አለልህ፤ ያውም በነፃ!»

የኔታ ሲያጣጥሙ ቆይተው ወደ ወዳጄ ዞሩ። «የአገሩን ስም ማን ነበር ያልከኝ፣ ልጄ?»

«አየርላንድ፣ የኔታ።»

«አየር… ላንድ» አሉ ቃሉን ከሁለት ከፍለው። «አየር ላንዱ፣ ቢራው ለሌላው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከሁላችን ይልቅ የሳቀው ወዳጄ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢራው ስም «አየር» ሆኖ ቀረ፤ «አንድ አየር!» ብሎ ማዘዝ የጠረጴዛችን ቀልድ ሆነ። ከመምህሩ ጋር ክርክሩን ሳላቋርጥ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቢራው ያን ያህል ጣፍጦኝ አልነበረም። ወዳጄ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ነገር እንዲወደድለት ፈልጌ ነው።

ኋላ አዘጋጁ ለመዝናኛ ገጽ ቀለል ያለ ጽሑፍ ጠየቀኝ፤ ሰው ስለዚህ ቢራ ምን ይላል የሚል። ከራሳችን ግሮሰሪ ጀመርኩ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ይመራል፤ ምሬቱ ግን አይጠላም» አለኝ። ለሥራ የመጣች መሐንዲስ «ምላስ ይነክሳል፤ ከምላስ ይልቅ ግን ኪስ ይነክሳል» ብላ ሳቀች። የእኛ ጠረጴዛ ደግሞ አንድ ቃል ነው፤ ከአገር ቤቱ አይለይም። እንግዶቹ ሁሉ መራራ ሲሉት፣ ቤተኞቹ ሁሉ ለስላሳ አሉት። ልዩነቱን ልብ ብዬዋለሁ። ምክንያቱን ግን በሌላ ቦታ ፈለግሁት፤ ከተሜ ምሬት ለምዷል፣ የእኛ ሰው አልለመደም ብዬ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት የቡሬ ጠጪዎች አስተያየት እንዲጨመርበት ብዬ ለሌላ ዘገባ ወደዚያ ስሄድ ጽሑፉን ይዤው ሄድኩ።

ቡሬ አንድ ሆቴል ውስጥ ያንኑ ቢራ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ጠርሙሱን አሳየችኝ፣ በፊቴ ከፈተችው። ጠርሙሱ ተነፈሰ፤ አረፋው ከብርጭቆው አፍ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ቀመስኩት። ጉሮሮዬ ሳይደርስ ምሬቱ ምላሴን ያዘው።

«እህቴ፣ ይኼ ትክክለኛው አይደለም» አልኳት።

«ምነው፣ ጋሼ?»

«ትክክለኛውን አውቀዋለሁ። ፍኖተ ሰላም ሁልጊዜ የምጠጣው ነው። እንዲህ አይመርም፤ አረፋም የለውም።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። ከካርቶኑ ሌላ ጠርሙስ አውጥታ ከጠረጴዛዬ ላይ አቆመች። «ቆርኪውን ይዩት። ከፈለጉ ራስዎ ይክፈቱት።»

ራሴ ከፈትኩት። አሁንም ተነፈሰ፣ አሁንም ገነፈለ፣ አሁንም መረረኝ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ነጋዴ «ጋሼ፣ እርስዎ የለመዱት ምን ዓይነት ቢራ ይሆን?» አለኝ። ሾፌሩንና መሐንዲሷን አሰብኩ። ሁለቱም እንግዶች ነበሩ፤ ለሁለቱም ጠርሙሱ የተከፈተው በፊታቸው ነው። የየኔታ ቃልም በዚያው ሰዓት ተፈታልኝ። ሰሙን ይዘን ስንስቅ ከርመን ነበር። ወርቁ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አየሩ ላንዱ፣ ለእኛ፤ ቢራው ለሌላው፣ ለእንግዳው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግሮሰሪው ገባሁ። መምህሩና የኔታ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ወዳጄ እንደ ልማዱ «አንድ አየር?» አለኝ።

«አዎ። በፊቴ ክፈትልኝ።»

መምህሩ ብርጭቆውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። ወዳጄ ትንሽ አየኝና ወደ ጓዳ ገባ። ያልተከፈተ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ፤ ጠረጴዛችን ላይ ቆርኪውን አነሳው። አረፋው ገነፈለ። መምህሩ ከእኔ ብርጭቆ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ።

«እንዴ! ይኼማ ሬት ነው! እስከ ዛሬ ምን ነበር የምንጠጣው?»

«የአገራችንን» አለ ወዳጄ። ድምፁ አልተለወጠም። ካርቶኖቹ እንዲበረክቱለት ብሎ፣ እንግዶች ጠጥተው የተዉትን ጠርሙስ አጥቦ አስቀድሞ የአገር ቤት ቢራ ይገለብጥበት ነበር፤ አረፋው የሚጠፋው ሲገለበጥ ነው።

መምህሩ አፍጥጦ አየው፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ሌባ! ደግሞ የድሮው ይሻላል። ያንኑ አምጣልኝ፤ በራሱ ጠርሙስ፣ በራሱ ዋጋ!»

እኔ ወደ የኔታ ዞርኩ። «የኔታ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ነግሬያችሁ የለ! ቤቱ ሁሉ ሰምቶ የሳቀበት ነገር እኮ ነው።»

«በግልጽ ለምን አልነገሩንም?»

«በሰው ቤት ተቀምጬ?» አሉኝ፣ በእውነት ተገርመው። «ሰምተህ ከሳቅህ ገብቶሃል ብዬ ነው።»

ወዳጄን የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ለምን እኛን? ለምን እንግዶቹን አይደለም?

«እንግዳ ካኮረፈ አይመለስም» አለኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። «አንተ ግን ወንድሜ ነህ። የት ትሄድብኛለህ?»

በሥራዬ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ። ይህ ግን ውሸት አልነበረም፤ ያመመኝም እውነትነቱ ነው። በእኔ ላይ የቆጠረው ሒሳብ ትክክል ነበር። በዚያ ከተማ ሌላ የምሄድበት ቤት አልነበረኝም።

ማታ ጽሑፉን እንደገና ሠራሁት። የጠረጴዛችንን አስተያየት በሙሉ አወጣሁት፤ ባልጠጣነው ቢራ ላይ የተሰጠ አስተያየት ነውና። የቀረው ቃል የእንግዶቹ ብቻ ነበር። ስለ ወዳጄ ግን ምንም አልጻፍኩም። ዘገባው ወጣ፤ አዘጋጁ «የፍኖተ ሰላም ሰው የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልቀመሱትም» አልኩት።

መምህሩና የኔታ እዚያው መጠጣታቸውን ቀጠሉ። ስንገናኝ «አሁንም አኩርፈሃል? ለአንድ ቢራ!» ይለኛል መምህሩ። እኔ ማታ ማታ በር ዘግቼ ሬዲዮ መስማት ጀመርኩ።

ወዳጄን ያገኘሁት ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ከሚስቱ ጋር ነበር። እሷ ሮጣ አቅፋ ሳመችኝ፤ ለምን ጠፋህብን ብላ ወቀሰችኝ። አለመስማቷ ገባኝ። እሱ ከኋላዋ ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቀና፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

«እንዴት ከርመዋል?» አለኝ።

እኩያዬ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። «እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

ሚስቱ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። የምንቀልድ መስሏት ሳቀች።