የተለቀለቀው ጉድጓድ

«እንግዳ የሚገባበትን ሳልለቀልቅ ልተወው?» አሉ አዴ፣ የቀላ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው።

«እማማ፣ እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም። የመጣሁት አፈሩን ለማየት ነው» አለ ከአዲስ አበባ የመጣው ኢንጂነር።

«ታዲያ አፈር አይደለም? ወላሂ ከሶፊ ገጠር ያስመጣሁት ንጹሕ ቀይ አፈር ነው።»

የሚከራከሩበትን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ግጥም እየሞከርኩ፣ ሥራ ቶሎ ቶሎ እየቀያየርኩ እኖር ነበር። አዴ፣ በአገሩ አጠራር «እናት»፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው ግቢያቸው ለልጃቸው ቤት ሊሠሩ አስበዋል። ኢንጂነሩ የጉድጓዱን ግድግዳ አይቶ የትኛው አፈር የት እንደሚጀምር ሳይመረምር መሠረት አይወጣም። እሳቸው ግን ቀድመውት በመሰላል ወርደው፣ እንደ ጀጎሉ ቤታቸው ግድግዳ አራቱንም ጎን በቀይ አፈር ለቅልቀውታል። ምንጣፍ ቢነጠፍበት እቀመጥበት ነበር።

«ሌላ አስቆፍሩ ልትለኝ ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ ሊያገባ ነው። ቤቱ ቶሎ ካልተጀመረ ድሬዳዋ እከራያለሁ ብሏል።»

ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ። «ውረድና አንዱን ጎን ፋቀው፤ ጠለቅ አድርግ» አለኝ።

ወርጄ መፋቅ ጀመርኩ።

«ቀስ አንተ» አሉኝ ከላይ። «ያን ጥግ አሳምሬው ነበር።»

ቀዩ ልስን ሲረግፍ ከሥሩ የግቢው ቀይ አፈር ወጣ። ከወገቤ በታች ጥቁር ዋልካ፣ እግሬ ሥር ደግሞ ዓለት ነበር።

ኢንጂነሩ ወርዶ ዋልካውን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ግቢው ውስጥ ያለችውን አሮጌ ክፍል ጠቆመ። «እማማ፣ የዚያች ክፍል በር በክረምት ይዘጋል?»

«በስንት ትግል። እንጨቱ እያበጠ ነው፤ በየዓመቱ አናጢ ይልገዋል።»

«የሚያብጠው አፈሩ ነው። ውሃ ሲጠጣ ቤቱን ያነሳዋል።»

«ሱብሃነላህ። ያን ምስኪን አናጢ ስንት ዓመት ሰደብኩት» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። «የልጄስ ቤት?»

«ጥቁሩን አውጥተን ዓለቱ ላይ እናሳርፈዋለን። ሌላ ጉድጓድ አያስፈልግም።»

ናሙናውን በላስቲክ እየቋጠርን ወደ አሮጌዋ ክፍል አስገባን። አዴ ተከትለውን ገቡ፤ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ ድሬዳዋ ደውሎ ቤት ሳይይዝ ልድረስበት» አሉና ወጡ። በሩን እንደ ክረምት ልማዳቸው በሁለት እጃቸው ሳቡት። በጋ ነበርና ጓ ብሎ ተዘጋ።