አማቼ የወለወላቸው ጥርሶች

የእህቴ ባል በከተማው ማርሽ ባንድ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ትራምፔት ነፍቷል። እኔ ከኋላው ከበሮ እየደበደብኩ ማጅራቱን ሳይ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ ስለ እሱ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ሁላችንም «ወልውል» እንለዋለን። ትራምፔቱን ጠዋት ማታ ይወለውላል። እጁ ገብቶ ያልወለወለው ነገር ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ጥፋቱ የቀድሞው አለቃችን ነው። በየሳምንቱ አሰልፎ ሲፈትሸን መጀመሪያ የመሣሪያችንን ናስ፣ ቀጥሎ ጥርሳችንን ያይ ነበር። «መሣሪያው እያበራ ጥርሱ የዛገ ባንድ አልመራም!» ይላል። እኛ ሳቅንበት፤ አማቼ ግን እንደ ሕግ ያዘው። ከብሩሽ ሁሉ ጠንካራውን መርጦ፣ ናስ በሚፈትግበት ክንዱ ጥርሱን ወዲህና ወዲያ ይፈትግ ጀመር። ብሩሹ በወሩ ይበታተናል። እሱ ይኮራበታል።

ናስ አይቆስልም፤ ድድ ግን ሥጋ ነው። ከዓመት ዓመት የላይ ድዱ እየሸሸ ሄደ፤ የተራቆተው የጥርስ ሥር ላይ ደግሞ ብሩሹ ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ቆፈረበት። ቀዝቃዛ አየር በሳበ ቁጥር ሕመሙ እስከ ዓይኑ ይዘልቃል። አየር ሳይሳብ ትራምፔት ይነፋል እንዴ? ጡረታ ሊወጣ ስድስት ወር ሲቀረው፣ በስንብቱ ትርዒት ብቻውን የሚነፋው ረጅም መክፈቻ ተሰጠው። በመጀመሪያው ልምምድ ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ ቀጥ አለ። አዲሱ አለቃ ልጅ እግር ነው፤ አንገቱን ደፍቶ «ካልሆነልዎ ለሌላ እንስጠው?» አለው። አማቼ ወጥቶ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አለቀሰ። አንጀቴን በላው።

እህቴ እየጎተተች ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ። ወጣቷ ሐኪም አፉን አይታ «በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚቦርሹት፣ አባቴ?» አለችው።

«ሦስት ጊዜ!» አለ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው።

«ችግሩ እሱ ነው። ጥርስዎን ትል አልበላውም፤ እርስዎ ነዎት የፋቁት።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንተ ሰነፍ፣ ጥርስህን እንኳ በወጉ አትቦርሽም» ሲለኝ የኖረ ሰው! ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ቦዩን የጥርስዎን ቀለም በሚመስል ሙሌት እንደፍነዋለን» አለች ሐኪሟ። «ሙሌት ግን ድድ አይመልስም። ከላንቃዎ ትንሽ ሥጋ ወስደን የተራቆተውን ሥር እንሸፍነዋለን። ከዚያ ሁለት ወር ትራምፔት የለም። የተሰፋው ቦታ እስኪድን ብሩሽም አይነካውም።»

«ሁለት ወር?» ብሎ ወደ እህቴ ዞረ።

«ምነው፣ ባትነፋ ትሞታለህ?» አለችው።

ተሰፋ። እህቴ ትራምፔቱንም ብሩሹንም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። እጁ ሥራ ሲፈታ የበር እጀታዎችን ወለወለ፤ ቀጥሎ ቧንቧዎቹን፤ በመጨረሻ እኔ ቤት መጥቶ የከበሮዬን ቀለበት። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለዋለች እህቴ። «ይሄ ዕንቁላል ግን ዘገየ» ይላል እሱ። በሁለተኛው ወር ሐኪሟ መስታወት ሰጠችው። ቦዩ ተደፍኗል፤ ሥሩን ሮዝ ድድ ሸፍኖታል። ለስላሳ ብሩሽ በሦስት ጣቱ አስይዛ፣ ከድድ ወደ ጥርስ በቀስታ እንዴት እንደሚወርድ እንደ ተማሪ አስጠናችው።

የስንብቱ ቀን ብርድ ነበር። አደባባዩ በሰው ሞልቷል። አማቼ ወደ ፊት ወጣ፤ እኔ ዱላዬን ጨብጬ ትንፋሹን ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛውን በአፉ ሙሉ ሳበው፤ ድምፁም ሳይሰበር ወጣ። የመጨረሻውን ኖታ ከልምምዱም አስረዝሞ ያዘው፤ አለቃው እጁን አንስቶ ማውረድ ረሳ።

በሠላሳ አንድ ዓመት አማቼ ሰልፍ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ አያውቅም፤ ክልክል ነው። ያን ቀን ዞረ። ጥርስ በጥርስ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ «አላመመኝም!» ብሎ ጮኸብኝ። ምን እንዳለ ማንም አልገባውም፤ ግን ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ተራዬ ሳይደርስ ከበሮዬን ደበደብኩት።