የንጉሥ ባርቶሎን ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሒክማ ኮተቤ አክስቴ ሱቅ ካልወሰድከኝ ብላ ወጥራ ያዘችኝ። ከመገናኛ ታክሲ ይዘን ስንወጣ ስልኳን ልትነካካ መጽሐፏን ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። ሽፋኑን ሳየው የአሥራ አንደኛ ክፍል ታሪክ ነው። እሷ ምን ታውቃለች! የዓለም ታሪክ የሚባል ነገር ባየሁ ቁጥር ዓይኔን አሸሻለሁ፤ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም አልተወኝም።

ነጂማ እህቴ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። በልጅነቷ ታማ አንድ ዓመት ስለቀረች አሥራ አንደኛ ክፍል የደረስነው እኩል ነው። በዚያው ክረምት አባታችን ወገቡን ታመመና ሱቁ ሰው አጣ። ከሁለታችን አንዳችን ከትምህርት መቅረት ነበረብን። አባዬ ገና አፉን ሳይከፍት ነጂማ ቀደመችው።

«እኔ እቀመጣለሁ። እሱ መልስ መስጠት አይችልም፣ በአንድ ወር ያከስረናል» አለች።

ሁላችንም ሳቅን። እውነቷን ነው፣ ሒሳብ ላይ ድንጋይ ነበርኩ። ግን ታሪክ ላይ ከክፍሉ የሚስተካከላት አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ታሪክ ሲጀመር ነበር እንቅልፌ የሚመጣው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የዓለም ታሪክ የተማርኩትን ማታ ማታ እንድነግራት። ማትሪክን በግል ልትፈተን አስባለች፤ መጽሐፉ ደግሞ ለሦስት ተማሪ አንድ ስለነበር ወደ ቤት አይመጣም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሐቅ ሠራሁ። ስኳር እየመዘነች «እሺ፣ ዛሬ የት ደረሳችሁ?» ትለኛለች፤ የማስታውሰውን እነግራታለሁ። ከዚያ ጥቅምት መጣ። የታሪክ ክፍለ ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር በላይ ቁጭ ብሎ ይጣራል። ዛሬ ሰው ፓርኩ ውስጥ ፎቶ ሊነሳ ነው የሚወጣው። እኔና ጓደኞቼ ክፍሉን ጥለን የምንወጣው ለቀጋ ነበር። እሾሁ እጃችንን እየቧጨረን ቀዩን ፍሬ እንለቅማለን፤ መንገድ ዳር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝተን ባሕር ዛፍ ሥር እንጋደማለን። ብርዱ፣ የቅጠሉ ሽታ፣ ከታች የከተማው ጭስ። ኧረ እንዴት ደስ ይል ነበር! ደስ ማለቱን ልክድ አልችልም፣ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ማታ ግን ጥያቄው አይቀርም። አንድ ቀን የምለው ሲጠፋኝ «ባርቶሎን የሚባል ንጉሥ ነበር» አልኳት። አገሩ ሲራብ ዘውዱን ሸጦ እህል የገዛ። ከየት እንዳመጣሁት ወላሂ አላውቅም። ነጂማ የስኳሩን ማንኪያ አየር ላይ ያዘች።

«ከዚያስ?»

ከዚያማ ምን ያቆመኛል! ጦርነት ጨመርኩ፣ ከሃዲ ወንድም ጨመርኩ፣ ንጉሡን አሰደድኩት፣ መለስኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? የእኔን ውሸት ግን እያደር ሌላው ሰው ይሸከመው ጀመር። ነጂማ ለደንበኞች ሁሉ ታወራላቸዋለች፤ ዘይት ሊገዙ የመጡ እናቶች «ያ ምስኪን ንጉሥ እንዴት ሆነ?» ይሏታል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን፣ ሱቁ በሰው እንደተሞላ፣ የታሪክ አስተማሪያችን ሳሙና ሊገዙ ገቡ። የነጂማ ፊት በራ።

«ቲቸር፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከባርቶሎን በኋላ ልጁ ነው የነገሠው ወይስ ሕዝቡ ሌላ መረጠ?»

«ማን አልሽኝ?»

«ባርቶሎን። ዘውዱን የሸጠው።»

አስተማሪው ጤፍ ጆንያው አጠገብ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ እንዲህ የሚባል ንጉሥ የለም። ወንድምሽንም ከምሳ በኋላ ካየሁት ቆየሁ» አሉ።

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። በክፋት አልነበረም፣ ግን ሳቁ። ነጂማ ሳሙናውን በጋዜጣ ጠቀለለች። «ሌላስ ምን ልስጥዎ?» አለቻቸው፣ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ።

ሱቁን ስንዘጋ ነው የተናገረችኝ።

«አልገባሁም ብትለኝ ምን ነበረበት? ልገድልህ ነው? የተውኩልህን ወንበር ባዶውን አዋልከው።»

ከዚያ ማታ ወዲያ የት ደረሳችሁ ብላኝ አታውቅም። የግል ተፈታኞች ምዝገባ ሲደርስ አባዬ አስታወሳት። «ተወኝ አባዬ፣ እኔና ዓለም ምን አገናኘን» አለችው። እኔ ተፈትኜ አለፍኩ፣ መሥሪያ ቤት ገባሁ፣ ጡረታ እየጠበቅኩ ነው። እሷ እዚያው ሱቅ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ይቅር በይኝ እላታለሁ፤ «ኤዲያ! የልጅ ነገር» ብላ ሻይ ትቀዳልኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሒክማ መጽሐፏን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። ነጂማ መነጽሯን አጠለቀችና፣

«እሺ፣ ዛሬ የት ደረሳችሁ?» አለቻት።

ሒክማ ልትጀምር ስትል እህቴ እጇን አነሳችና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ጓዳ ግባና የሳሙናውን ካርቶን አውርድልኝ። እኛ ታሪክ ልንማር ነው።»

ገባሁ። ካርቶኑን ታቅፌ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ልጄ ትናገራለች፣ እህቴ «ከዚያስ?» ትላለች። ሒክማ የምትናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ገና መስማቴ ነበር።